ደም ሳይከፋፈል፦ ለቆሰለ ሰው የሚሰጥ የሙሉ ደም ታሪክ

ባለፈው ወር ስለ መጀመሪያ ሕክምና ርዳታ ከተማርን በኋላ ብዙዎቻችሁ ጥያቄ ነበራችሁ። ሰው ብዙ ደም ሲፈሰው ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጡት ምንድን ነው? ደሙን ከየት ያመጡታል? የማንም ደም ለማንም ይሆናል ወይ? ብላችኋል። መልሱን ከታሪኩ ጋር አያይዤ እንዳቀርብ ስለተጠየቅሁ ዛሬ ተራው የእኔ ሆኗል።

እኔ ነርስ አይደለሁም፤ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። ነገር ግን እዚህ ቤይሩት ላለፉት ስድስት ዓመታት የምንከባከባቸው አዛውንት በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ዛሬ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ትዝታቸው አልደበዘዘም። ማታ ማታ መድኃኒታቸውን ከሰጠኋቸው በኋላ የድሮውን ያጫውቱኛል፤ ያልገባኝን ከመጽሐፎቻቸው እያሳዩ ያስረዱኛል። የማካፍላችሁ ከእሳቸው የሰማሁትንና ራሴም መዝገበ ቃላት ይዤ ያነበብኩትን ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጠቦት ደም

ደም በሰውነታችን ውስጥ እየዞረ እንደሚመላለስ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ በመጽሐፍ ያሳተመው በ1628 ነው። ከዚያ በፊት የአውሮፓ ሐኪሞች ደም በጉበት ውስጥ ተሠርቶ በሰውነት ውስጥ የሚያልቅ ይመስላቸው ነበር። የሚዞር ከሆነ ግን የጎደለውን ከሌላ አምጥቶ መሙላት ይቻላል የሚል ሐሳብ መጣ። በ1667 ፓሪስ ውስጥ ዣን ባፕቲስት ደኒ የተባለ ሐኪም ለአንድ ታማሚ ልጅ የጠቦት ደም ሰጠው፤ ልጁም ተረፈ። በኋላ ግን የጥጃ ደም የተሰጠው ሌላ ሰው ሞተ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ሥራውም በፈረንሳይ ተከለከለ። ከዚያ ወዲያ ወደ 150 ዓመት ያህል ነገሩ ተረስቶ ቆየ።

እንደገና ያነሣው ጄምስ ብላንደል የተባለ የለንደን ሐኪም ነው። ይህ ሰው አዋላጅ ሐኪም ነበር። እናቶች ልጅ ከወለዱ በኋላ ደማቸው አልቆም ብሎ ዓይኑ እያየ ሲሞቱበት እጅግ አዘነ። በውሾች ላይ ብዙ ከሞከረ በኋላ የእንስሳ ደም ለሰው እንደማይሆን፣ ለሰው የሚሆነው የሰው ደም ብቻ እንደሆነ ተረዳ። በ1818 የሰው ደም ለሰው ሰጠ። በ1829 ደግሞ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳትን አንዲት ሴት በዚህ መንገድ እንዳዳነ ጻፈ። እህቶቼ፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው የደም ሕክምናን የሚያያይዘው ከወታደርና ከጦር ሜዳ ጋር ነው፤ ለሰው የሰውን ደም ወደ መስጠት የመራው ግን የወላድ እናት ሞት ነው።

ሆኖም ብላንደል ደም ከሰጣቸው ሰዎች አንዳንዱ ሲድን ሌላው ይሞት ነበር። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር።

ኦ፣ ኤ፣ ቢ

ምሥጢሩን የፈታው በቪየና ከተማ የሚሠራው ካርል ላንድስታይነር ነው። የሥራ ባልደረቦቹን ደም ወስዶ፣ የአንዱን ከሌላው ጋር በትንሽ በትንሹ እየቀላቀለ ተመለከተ። አንዳንዱ ሲቀላቀል በደንብ ይዋሃዳል፤ አንዳንዱ ግን ሊጥ ውስጥ እንደሚቀር ጓል እየተቋጠረ ይቀራል። ይህን በ1901 አሳተመ። የሰው ደም አንድ ዓይነት አለመሆኑ የታወቀው ያኔ ነው። ዛሬ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ የምንላቸው ናቸው። ላንድስታይነር በ1930 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የተወለደበት ቀን ጁን 14 ደግሞ ዛሬ የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይከበራል።

ነገሩን እኔ እንደገባኝ ላስረዳ። ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ምልክት አለ። የኤ ሰው የኤ ምልክት፣ የቢ ሰው የቢ ምልክት፣ የኤቢ ሰው ሁለቱንም ይዟል። የኦ ሰው ሁለቱም የሉትም። በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ እንደ ዘበኛ የሚጠብቁ ነገሮች አሉ። የእኔ ያልሆነ ምልክት የያዘ ደም ሲገባ ዘበኞቹ ይነሡበታል፤ ደሙን ያፈርሱታል፤ ሰውየው ሊሞት ይችላል። የኦ ቀይ ሕዋስ ምንም ምልክት ስለሌለው የማንም ዘበኛ አይነሣበትም። ስለዚህ ዓይነቱ ያልታወቀ ቁስለኛ ሲመጣ ሐኪም የሚያነሣው ኦን ነው።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚባለው ደግሞ ሌላ ምልክት ነው፤ እርሱ የታወቀው በ1940 አካባቢ ነው። ይህ በተለይ ለእኛ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። ኔጋቲቭ የሆነች ሴት ፖዘቲቭ ደም ከተሰጣት ሰውነቷ በዚያ ምልክት ላይ ዘበኛ ሊያበጅ ይችላል፤ በኋላ ስትፀንስ ዘበኛው ሆድዋ ውስጥ ያለውን ሕፃን ሊጎዳ ይችላል። ኔጋቲቭ መሆንሽን ማወቅ የሚጠቅመው ለራስሽ ብቻ ሳይሆን ወደፊት ለምትወልጅው ልጅም ነው ማለት ነው።

የሎሚ ጨው

ዓይነቱ ታወቀ፤ ሌላ ችግር ግን ቀረ። ደም ከሰውነት እንደወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። በዚያ ዘመን ለመስጠት የፈለገ ሰው ከታማሚው አጠገብ ተኝቶ የሁለቱ የደም ሥር እስከ መሰፋት ይደርስ ነበር። በጦር ሜዳ ይህ እንዴት ይሆናል?

መፍትሔው የመጣው ኩሽናችን ውስጥ ከምናውቀው ነገር ዘመድ ነው። እዚህ ማዳሞቻችን ሚልህ ለይሙን የሚሉት፣ ለምግብ ኮምጣጣነት የሚገባ ነጭ ዱቄት አለ አይደል? ያ በሎሚ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። ከዚያ አሲድ የሚሠራ ሶዲየም ሲትሬት የሚባል ጨው አለ። ደም እንዲረጋ ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ሲትሬት ካልሲየሙን ይይዝበታል፤ ደሙም ሳይረጋ ይቆያል። በ1914 በብራሰልስ አልበርት ሁስቲን፣ በቦነስ አይረስ ሉዊስ አጎቴ በዚህ መንገድ ደም ሰጡ። በ1915 ኒው ዮርክ ውስጥ ሪቻርድ ሉዊሶን ሰውን የማይጎዳውን መጠን ለየ። በ1916 ደግሞ ሁለት ሰዎች ስኳር ቢጨመርበትና ቢቀዘቅዝ ደሙ ለሳምንታት እንደሚቆይ አሳዩ።

ይህን ሁሉ ጦር ሜዳ ላይ ያዋለው ኦስዋልድ ሮበርትሰን የተባለ የአሜሪካ ጦር ሐኪም ነው። በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ኦ ደም ከሰዎች እየቀዳ በጠርሙስ አስቀመጠ። ጠርሙሶቹን በጥይት ሣጥን እንጨት በተሠራ የበረዶ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ወደ ቁስለኞቹ ወሰደ። በዓለም የመጀመሪያው የደም ባንክ ይህ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ሙሉ ደም ነው፤ ምንም ያልተለየለት፣ ከሰው እንደወጣ።

በ1936 የስፔን እርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ፍሬደሪክ ዱራን ዮርዳ በባርሴሎና፣ ካናዳዊው ኖርማን ቤቱን በማድሪድ ደምን በመኪና ወደ ግንባር ያደርሱ ነበር። በ1937 በርናርድ ፋንተስ በቺካጎ ሆስፒታሉ ውስጥ ደም የሚቀመጥበት ክፍል ሲከፍት «የደም ባንክ» ብሎ ስም አወጣለት። ዛሬ እኛም በአማርኛ የምንጠራው በዚሁ ስም ነው።

የማን ደም ነው?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካኖች መጀመሪያ ያመኑት ፕላዝማን ነበር። ፕላዝማ ቀዩ ሕዋስ ተለይቶ ሲወጣ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ነው። ደርቆ ዱቄት ይሆናል፣ ፍሪጅ አይፈልግም፣ በውሃ በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ፕላዝማን በብዛት የማዘጋጀቱን ሥራ በ1940 ለእንግሊዝ ርዳታ ሲላክ የመራው ጥቁር አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ድሩ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የአሜሪካ ቀይ መስቀል መጀመሪያ የጥቁር ሰው ደም አልቀበልም አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ተቀብሎ ከነጮች ደም ለይቶ ያስቀምጥ ጀመር። ድሩ ይህ ምንም የሳይንስ መሠረት የለውም ብሎ በግልጽ ተናገረ። ቀይ መስቀል መለየቱን ያቆመው በ1950 ነው።

እህቶቼ፣ ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ዝም አልኩ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ቤት ብርጭቆዬና ሹካዬ ለብቻው በመስኮት ሥር ይቀመጥ ነበር። ከእናንተም ይህን የምታውቁት ብዙ ናችሁ። የዚያች ቤት እመቤት ብትቆስልና ደም ቢያስፈልጋት፣ ሐኪሙ ከረጢቱ ላይ የሚያነበው የደሙን ዓይነትና የምርመራውን ውጤት ነው። የቀጣሪ ደምና የሠራተኛ ደም ተብሎ የሚለይ የለም። የኔ ኦ ለእሷ ይሆናል፤ የእሷ ኦም ለእኔ ይሆናል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1943 በሰሜን አፍሪካ ግንባር ኤድዋርድ ቸርችል የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቁስለኞቹን አይቶ ፕላዝማ ብቻውን አይበቃም አለ። ምክንያቱም ኦክስጅን የሚሸከመው ቀዩ ሕዋስ ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው በፕላዝማ የደም ግፊቱ ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል፤ ለቀዶ ሕክምናው ሲያስተኙት ግን አይችልም። ቸርችል ጉዳዩን እስከ ጋዜጣ አደረሰው። በመጨረሻ በ1944 ክረምት ሙሉ ደም ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ በአውሮፕላን መሄድ ጀመረ።

ከ1950 እስከ 1953 በተደረገው የኮሪያ ጦርነትም ለቁስለኞች የሚሰጠው ሙሉ ደም ነበር፤ አብዛኛው ኦ። በዚያ ጦርነት የእኛ የቃኘው ሻለቃ ጦር ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል። ከአባቶቻችንና ከአያቶቻችን መካከል በዚያ በብርድ ተራራ ላይ ቆስለው የተረፉት፣ ሙሉ ደም በሚሰጥበት የሕክምና ዘመን የታከሙ ናቸው። በዚያን ጊዜ አካባቢ የሚሰበረው ጠርሙስ ቀርቶ የፕላስቲክ ከረጢት እየተተካ መጣ።

ወተት፣ ቅቤና አሬራ

የፕላስቲኩ ከረጢት ሲመጣ ደሙን መለየት ቀላል ሆነ። ከረጢቱን በማሽን አሽከርክሮ ቀዩን ሕዋስ፣ ፕላዝማውን፣ ፕላትሌቱን በየከረጢቱ ማድረግ ተቻለ። ፕላትሌት የሚባለው ቁስሉ ላይ ቀድሞ ደርሶ ቀዳዳውን የሚወትፈው ትንሹ ነገር ነው። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሀብታም አገሮች ያሉ ሆስፒታሎች በዚህ መንገድ ሄዱ። በቂ ምክንያትም ነበራቸው። የደም ካንሰር ያለበት ልጅ የሚፈልገው ፕላትሌት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ደም ማነስ ያለበት ቀዩን ብቻ ይፈልጋል። አንድ ሰው የሰጠው ደም ሲከፈል ለሁለት ለሦስት ሰው ይደርሳል። እያንዳንዱም የራሱ አቀማመጥ አለው፦ ቀዩ በፍሪጅ እስከ 42 ቀን፣ ፕላዝማው በረዶ ሆኖ እስከ ዓመት ድረስ፣ ፕላትሌቱ ከፍሪጅ ውጭ እየተነቀነቀ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ይቆያል።

በዚህ መካከል የተጎዳው በአደጋ የቆሰለው ሰው ነው። ወተት ተንጦ ቅቤና አሬራ ከሆነ በኋላ ቅቤውን መልሰሽ አሬራው ውስጥ ብትጨምሪው ያው ወተት አይሆንም አይደል? ለቁስለኛ የጨው ውሃ ያለበት ግሉኮስ መሰል ከረጢት በብዛት ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ቀይ ሕዋስ ይሰጠዋል። ግፊቱ ይወጣል። ነገር ግን ደም የሚያረጋው ነገር ስለቀጠነ ቁስሉ እንደገና ይፈሳል። የተሰጠው ፈሳሽ ቀዝቃዛ ከሆነ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ሰው ደም ደግሞ ቶሎ አይረጋም። ኦክስጅን ያጣው ሥጋ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱም መርጋትን ይከለክላል። ብርድ፣ አሲድ፣ የደም አለመርጋት፦ ሐኪሞች እነዚህን ሦስቱን ገዳይ ሦስትነት ይሏቸዋል፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣልና።

ወደ ሙሉው መመለስ

ወታደር ሐኪሞች ግን ሙሉ ደምን ጨርሰው አልረሱትም። በ1993 ሞቃዲሾ ውስጥ በተደረገው ከባድ ውጊያ አሜሪካኖች ደም ሲያጥራቸው ከጓደኞቻቸው ክንድ ትኩስ ደም ቀድተው ለቁስለኞች ሰጡ። ከ2003 በኋላ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ይህ ብዙ ጊዜ ተደረገ። ተራማጅ የደም ባንክ የሚል ስም አለው። ፍሪጅ የለም፤ ባንኩ ቀድሞ ዓይነቱ ታውቆ፣ ከኤች አይ ቪና ከጉበት በሽታ ነፃ መሆኑ ተመርምሮ፣ ስሙ በመዝገብ የተያዘ ሰው ነው። ሲጠራ መጥቶ ክንዱን ይዘረጋል።

አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። በሊባኖስ ጦርነት ጊዜ መብራት ሲጠፋና ፍሪጁ ሲቆም እሳቸውም ኮሪደር ላይ ከሚያለቅሱት ዘመዶች መካከል ዓይነቱ የሚስማማውን እየጠሩ ትኩስ ደም ይቀዱ እንደነበር ነገሩኝ። «እኛ ሌላ ስላልነበረን ነው» አሉኝ።

ቀጥሎ ቁጥሩ ተሰበሰበ። በ2007 ባግዳድ በነበረ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ብዙ ደም ስለተሰጣቸው 246 ቁስለኞች አንድ ጥናት ወጣ። ከቀዩ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ፕላዝማ ብቻ ካገኙት 65 ከመቶ ሞተዋል፤ ከቀዩ ጋር ተቀራራቢ ፕላዝማ ካገኙት ግን 19 ከመቶ። በ2015 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ 12 ሆስፒታሎች 680 ቁስለኞችን አጥንተው ውጤቱን አወጡ። ፕላዝማ፣ ፕላትሌትና ቀይ ሕዋስ እኩል በእኩል በተሰጣቸው ወገን በመጀመሪያው ቀን ደም ፈሷቸው የሞቱት 9.2 ከመቶ ሲሆኑ፣ ቀዩ እጥፍ በሆነበት ወገን 14.6 ከመቶ ነበሩ። እንግዲህ ሦስቱን እኩል አድርጎ መልሶ ማዋሃድ የሚሻል ከሆነ፣ ያልተለየውን ሙሉውን ለምን አንሰጥም የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሦስት ከረጢት ከማንጠልጠል አንድ ይቀላል፤ በየከረጢቱ የሚጨመረው ማቆያ ፈሳሽም ይቀንሳል።

ለዚህ የሚመረጠው ኦ ነው። ነገር ግን ቅድም እንዳልኩት የኦ ሰው ፕላዝማ ውስጥ ኤንና ቢን የሚቃወሙ ዘበኞች አሉ። ስለዚህ ዘበኛቸው ጥቂት የሆነ የኦ ሰዎች በምርመራ ይለያሉ፤ የእነሱ ሙሉ ደም ለማንኛውም ቁስለኛ ሊሰጥ ይችላል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በኖርዌይ የበርገን ሄሊኮፕተር፣ ከ2018 ጀምሮ በቴክሳስ የሳን አንቶንዮ አካባቢ ሄሊኮፕተሮችና አምቡላንሶች ሙሉ ደም ይዘው ይሄዳሉ። ቁስለኛው ሆስፒታል እስኪደርስ አይጠብቁም፤ መንገድ ላይ ይሰጡታል። እንደ ማቆያው ፈሳሽ ዓይነት ሙሉ ደም በፍሪጅ 21 ወይም 35 ቀን ይቆያል። ከሙሉውና ከተከፋፈለው የትኛው ምን ያህል እንደሚበልጥ ጥናቱ አሁንም ቀጥሏል።

አገራችንና ይህች ከተማ

በአገራችን የደም ባንክ አገልግሎት የተጀመረው በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አማካይነት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። በኋላ ወደ መንግሥት ተዛወረ። እንደ ሌሎች ብዙ የአፍሪካ አገሮች እኛ ዘንድ ሙሉ ደም ጠፍቶ አያውቅም፤ መለያ ማሽን በሁሉም ቦታ ስለሌለ ብዙ ሆስፒታሎች የሚሰጡት እሱን ነው። ኋላ ቀር ነው ሲባል የነበረው ለቁስለኛና ለወላድ የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ። የእኛ ጉድለት ሌላ ነው፤ የሚሰጥ ሰው ማነስ ነው። ደሙ ደግሞ በአብዛኛው የሚሄደው ለወላድ እናቶችና ደም ላነሳቸው ሕፃናት ነው።

እዚህ ሊባኖስ ደም በአብዛኛው የሚገኘው በምትክ ነው። ሆስፒታሉ ለታማሚው ዘመዶች ሰው አምጡ ይላል፤ አጎት፣ ወንድም፣ ጎረቤት ይመጣል። እስኪ አስቡት፤ የእኛ አጎትና ወንድም የት ነው ያለው? ደሴ ነው፣ ጅማ ነው፣ ጎንደር ነው። መስኮት ስታጸዳ ወይም ባልኮኒ ላይ ምንጣፍ ስታራግፍ የወደቀች እህት በመካከላችን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ለእሷ ኮሪደር ላይ የሚቆም ዘመድ እኛ ነን።

ኦገስት 4 ቀን 2020 ወደቡ ሲፈነዳ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ6000 በላይ ቆሰለ። ከሞቱት መካከል ስደተኛ ሠራተኞችም ነበሩ። የሊባኖስ ቀይ መስቀል ደም ስጡ ብሎ ጥሪ አደረገ፤ ሕዝቡም ወጣ። በዚያ ምሽት በመስታወት ስባሪ ክንዱ የተቆረጠ ሰው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ አልነበረም። ኢያሪኮ መንገድ ላይ ለወደቀው ሰው የደረሰለት ሳምራዊም ዘመዱ አልነበረም።

እኛ ምን እናድርግ?

ታሪኩ ያስተማረኝን በአጭሩ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ደምን ሰውነት ውስጥ ማቆየት ነው። አዋቂ ሰው ወደ 5 ሊትር ገደማ ደም አለው፤ ወደ 2 ሊትር ከፈሰሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ማንም ከመምጣቱ በፊት ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርገሽ በሙሉ ኃይልሽ ተጫኚ። ጨርቁ ቢርስ አታንሺው፤ በላዩ ጨምሪበት። 140 ደውይ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ከከፍታ የወደቀች ከሆነ አታንቀሳቅሷት። ብርድ ልብስ ደርቡላት፤ ብርድ ደምን እንዳይረጋ እንደሚከለክል አይታችኋል። ውሃም ምግብም አትስጧት፤ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልጋት ይችላል።

ሁለተኛው የደም ዓይነትን ማወቅ ነው። ሐኪም በወረቀት ላይ የተጻፈን ብቻ አምኖ ደም አይሰጥም፤ ራሱ ይመረምራል። ወረቀትሽ የሚጠቅመው ሰው ለመፈለግ ነው። «ኦ ኔጋቲቭ ናት» ሲባል ከመካከላችን ማን ማንን እንደምንጠራ ወዲያው እናውቃለን።

ሦስተኛው መስጠት ነው። የሚቀዳው ከግማሽ ሊትር ያነሰ፣ ወደ 450 ሚሊ ሊትር ነው። ዕድሜሽ ከ18 በላይ፣ ክብደትሽ በብዙ ቦታ እንደሚጠየቀው 50 ኪሎ፣ ጤናሽም ደኅና መሆን አለበት። እርጉዝ ወይም ደም ያነሳት ሴት አትሰጥም። መጀመሪያ ይመረምሩሻል። አንድ ነገር ግን ጠንቅቃችሁ ያዙ፦ ደም የሚሰጠው በፈቃድ ነው። ቀጣሪሽም ቢሆን ለዘመዴ ስጪ ብሎ ሊያስገድድሽ አይችልም፤ ከደመወዝሽም ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም። ከወደድሽ ትሰጫለሽ፤ ካልወደድሽ አይሆንም ትያለሽ። በተሰጠ ደም የሚያምረው ፈቃዱ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። አንዲት እህት ስትወድቅ አሥር ከረጢት ደም ቢጠየቅ ለአንዲት ጓደኛዋ የማይቻል ሸክም ነው። በዚህ አዳራሽ ላለነው ግን አንዳንድ ከረጢት ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከጽዋ ማኅበሩ ደብተር ጎን አንድ ሌላ ደብተር በር ላይ ይቀመጣል። የደም ዓይነቷን የምታውቅና መስጠት የምትፈልግ ስሟንና ዓይነቷን ትጻፍ። የማታውቅም ስሟን ጽፋ ባዶ ቦታ ትተው፤ ስትመረመር ትሞላዋለች። ደብተሩን የሚይዙት እህቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ለሌላ ሰው አይታይም። የእኔን በመጀመሪያው መስመር ጽፌዋለሁ፦ ኦ ፖዘቲቭ።